ቼክ ኢንጂኑ ተመልሶ በራ፤ ኮምፒውተሩ ይቀየር?

ጥያቄው የመጣው ከባህር ዳር ነው፤ አሳጥሬ አስቀምጠዋለሁ፦ «የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፤ 1.6 ቤንዚን ናት፣ ከአውሮፓ የገባች። ከገና በፊት ቼክ ኢንጂን በራብኝ። ጋራዥ ወስጄ ኮምፒውተር አስደረግሁ፤ ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ፣ ‹ኦክስጅን ሴንሰር ነው› ተብሎ ተቀየረ። መብራቱ ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሶ በራ። አሁን ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተር ራሱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር ተባልኩ። ከጓደኛዬ ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር ተውሼ በስልኬ ባነበው ያው ኮድ ነው። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል። ስካነሩ ይዋሻል? ኮምፒውተሩን ልቀይር? የራሴን ስካነር ብገዛስ ይጠቅመኛል? ለጥምቀት ጎንደር መሄድ አለብኝ።»

ኮምፒውተሩን አይቀይሩ። ስካነሩም አልዋሸም። ጥፋቱ ስካነሩ ያለውን በተረጎመው ሰው ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ተንኮል ሳይሆን ልማድ ይዞት ይመስለኛል። ከጻፉት ሁሉ ለእኔ ብዙ የነገረኝ ደግሞ ኮዱ አይደለም፤ «ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ ስትሞቅ ይተዋታል» ያሏት አጭር ነገር ናት። እሷን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አለ» የሚለው አነጋገር በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲህ አላለም። የፒ0171 ትርጉም «በአንደኛው ወገን ቅይጡ ሳስቷል» ነው፤ ወደ ሞተሩ ከገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ኮድ አቤቱታ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አቤቱታ የደረሰው ዳኛ ምስክር ይሰማል፣ ማስረጃ ያያል፤ ስሙ የተነሳውን ሁሉ ዝም ብሎ አያስርም። በእርስዎ ጉዳይ የታሰረው ጭራሽ አመልካቹ ነው። ኦክስጅን ሴንሰሩ «ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ኦክስጅን በዝቷል» ብሎ አመለከተ፤ ተነቅሎ ተጣለ። አዲሱ ሴንሰር በቦታው ገብቶ በአራተኛው ቀን ያንኑ አመለከተ። የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ከሰጡ ሦስተኛ ምስክር ከመግዛት ቃላቸውን ማመን ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ቤንዚን በደንብ የሚነደው ለ1 ግራም ነዳጅ 14.7 ግራም ያህል አየር ሲደርሰው ነው። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር በማፍ ሴንሰር ይለካል፤ በዚያ ልክ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ለስንት ሺህኛ ሰከንድ እንደሚከፍታቸው ይወስናል፤ ከዚያ በጭስ ማውጫው ላይ በተተከለው ኦክስጅን ሴንሰር ውጤቱን «ይቀምሳል»። ወጥ የምትሠራ ሴት ቀምሳ ጨው እንደምትጨምረው፣ እሱም ቀምሶ ነዳጅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የጨመረውንና የቀነሰውን በመቶኛ ይመዘግባል፤ ይህ መዝገብ ስካነርዎ ላይ «ፉየል ትሪም» ተብሎ ይታያል። ሾርት ተርም የሚለው የዚህች ቅጽበት ጭማሪ ነው፤ ሎንግ ተርም የሚለው ኮምፒውተሩ ከብዙ ጊዜ ልምድ የተማረው ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ የሁለቱ ድምር ከዜሮ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 በመቶ ብዙም አይርቅም። ኮምፒውተሩ ጨምሮ ጨምሮ 25 ወይም 30 በመቶ አካባቢ ደርሶ፣ ቅይጡ አሁንም ከሳሳበት «ከዚህ በላይ አልችልም» ይልና ፒ0171ን ይጽፋል። መብራቱን ወዲያው አያበራም። መጀመሪያ በልቡ ይይዘዋል፤ በሌላ ጉዞ ላይ ያው ነገር ከተደገመ ነው ክሩስኮቱ ላይ የሚያበራው።

አሁን መብራቱ ለምን ጠፍቶ እንደተመለሰ ግልጽ ይሆንልዎታል። ያጠፋው አዲሱ ሴንሰር አይደለም፤ ስካነሩ ላይ ያለው የማጥፊያ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ኮዱን ብቻ አይደለም የሚሰርዘው። በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሎንግ ተርም ትሪም፣ ራሱን የፈተነባቸውን ፈተናዎች ውጤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ፍሪዝ ፍሬም» የሚባለውን አብሮ ይጠርጋል። ኮምፒውተሩ ከዜሮ መማር ጀመረ፤ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ በአራተኛው ቀን እንደገና ከጣሪያው ደረሰ። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ ማሰርም በብዙዎቹ መኪኖች ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ «ሴንሰር ቀየርን፣ መብራቱ ጠፋ» ማለት ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ጥፋቱ በእርግጥ ከተስተካከለ መብራቱ ማንም ሳይነካው፣ ኮምፒውተሩ በተከታታይ ሦስት ንጹሕ ጉዞ ካየ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ኮዱም 40 ጊዜ ያህል ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ከመዝገብ ይወጣል።

ፍሪዝ ፍሬም ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስካነር ካነሱ ሰዎች ብዙዎቹ ከፍተውት አያውቁም። ኮዱ በተጻፈባት ቅጽበት ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው በሉት፦ ዙሩ ስንት ነበር፣ ፍጥነቱ፣ የራዲያተር ውሃው ሙቀት፣ ሞተሩ ላይ የነበረው ጫና፣ ትሪሞቹ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚኒባስ ይኸው ፒ0171 ይዞ ደረሰልኝ። ሹፌሩ «ቆማ ስትሠራ ምንም የላትም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እኔም ቆማ ሳያት ምንም አላገኘሁባትም። ፍሪዝ ፍሬሙን ስከፍት ፍጥነት 28፣ ውሃው 94 ዲግሪ፣ ጫናው ከ90 በመቶ በላይ። ሹፌሩን «የት ነበርክ?» አልኩት። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን እየወጣ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ። ነዳጅ በብዛት ስትጠየቅ ብቻ የምትሳሳ መኪና ማለት ነው። የነዳጅ ፖምፓውን ግፊት ስለካው ደክሟል፤ ፊልትሮውም ጠቁሯል። ያ ፎቶግራፍ ቀድሞ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን እንዳክር ነበር። የእርስዎ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጋራዥ ውስጥ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ግን ኮዱ ስለተመለሰ አሁን እዚያው አለ። ማንም ሳይሰርዘው ዛሬውኑ ከፍተው በስልክዎ ያንሱት። እኔ የምጠብቀው ዙሩ ከ1000 በታች፣ ፍጥነቱ ዜሮ ወይም ትንሽ፣ ውሃው ገና ያልሞቀ ሆኖ እንዲገኝ ነው።

ለምን እንዲህ እንደጠበቅሁ ትሪሞቹ ይነግሩዎታል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ የሁለቱን ትሪም ድምር ይጻፉ። ከዚያ ማርሽ ሳያስገቡ ነዳጅ ረግጠው 2500 ዙር ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩትና እንደገና ይጻፉ። በሚኒሞ 25 የነበረው በ2500 ዙር ወደ 5 ወይም 6 ከወረደ፣ ከማፍ ሴንሰሩ በኋላ ባለ ቀዳዳ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ አየር ሲስብ ስርቆቱ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ብዙ ሲስብ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዱ ትሪሙ ከወጣ፣ እንደ ሚኒባሷ ወደ ነዳጅ ፖምፓና ፊልትሮ ይሂዱ፤ ወይም ማፍ ሴንሰሩ ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ እየቆጠረ ነው። በሁሉም ዙር እኩል ከወጣ ጥርጣሬዬ በነዳጅ ግፊትና በማፉ መካከል ይዋልላል፤ ያኔ ግፊቱን በጌጅ መለካት ግድ ነው። የእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ ከ3 እስከ 3.5 ባር መካከል መሆን አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ስካነር የገዛ ሰው ሁሉ ወዲያው ኢንተርኔት ላይ «ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው መልስ ግን ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ባህር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ማፕ ሴንሰር (የአየር ግፊት የሚለካው) ያለው መኪና ላይ ግፊቱን ቢያነቡ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ያገኛሉ፤ መጽሐፉ 101 ይላል። ጎንደር ሲወጡ ወደ 78 ይወርዳል። ይህን አይተው «ማፕ ሴንሰሩ ሞቷል» ብለው ያስቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አዲሱም ያንኑ 82 ነው ያነበበላቸው፤ ያው የጣና አየር ነው። ከፍታው ራሱ ግን ቅይጡን አያሳሳም፤ ኮምፒውተሩ የሳሳውን አየር ቆጥሮ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። «ኮዱ ከአገሩ ከፍታ የተነሳ ነው» የሚልዎት ካለ አይቀበሉት።

ወደ ጠዋቷ መንቀጥቀጥ ልመለስ። ጥር ማለዳ እዚህ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጎማና ፕላስቲክ ይጨማደዳል፣ ይደርቃል። በዚህ የኮሮላ ትውልድ ሞተሮች ላይ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ መሃል ገብቶ አየር እንዳያልፍ የሚደፍነው ጋርኒሲዮን በዕድሜ ደርቆ መሟሸሹ የታወቀ በሽታ ነው። ቀዝቃዛ ሲሆን ይከፈታል፣ አየር ይሰርቃል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ጋርኒሲዮኑ ትንሽ ያብጥና ይገጥማል። ምልክቱ ከእርስዎ ጋር ቃል በቃል ነው የሚገጥመው። ያም ሆኖ ይህ የእኔም ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናዋ ሌሊቱን አድራ ሳትነካ፣ ማለዳ ኮፈኑን ከፍተው ያስነሷት። ስካነሩ ሾርት ተርም ትሪሙን እያሳየ ይቆይ። በአበባ ማጠጫ ዓይነት መንፊያ ንጹሕ ውሃ ይዘው ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ጥቂት ጥቂት ይንፉ፤ ካንዴላ ኮይሎቹንና ዲናሞውን አይንኩ። ቀዳዳ ካለ ውሃው ለቅጽበት ይደፍነዋል፤ መንቀጥቀጡ ይረጋል ወይም ትሪሙ ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን ገና ስለማያዳምጥ ትሪሙ ዜሮ ላይ ቢቆም አይደንግጡ፤ ያኔ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ብዙ መካኒኮች በውሃ ፈንታ የካርቡራተር ማጽጃ ይነፋሉ፤ ምልክቱ እውነትም ፈጣን ነው፣ ዙሩ ወዲያው ይነሳል። ነገር ግን የጋለ ማርሚታ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መንፋት ነው፤ የእሳት ማጥፊያ በሌለበት ግቢ ውስጥ እርስዎ እንዲያደርጉት አልመክርም። ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኙ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ ጭሱ ራሱ ቀዳዳውን እየጠቆመ ይወጣል።

ጋርኒሲዮኑ ደህና ከሆነ በዚያው አካባቢ ይቆዩ። ከማፍ ሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ጎማ ከሥሩ በኩል ይሰነጠቃል፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ጎንበስ ብለው በጣትዎ መዳሰስ አለብዎ። ከቴስታታው ክዳን የሚወጣው የጋዝ ቱቦና ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ቱቦም እንዲሁ። የፍሬን ፔዳል ጠንክሮ ከተሰማዎት የኋለኛውን አስቀድሙ፤ ያ የሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ዳር፣ ሣር በበዛበት ግቢ የሚያድሩ መኪኖች ላይ ደግሞ አይጥ የበላው ቱቦና ሽቦ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዱን መኪና ሁለት ሴንሰር ከተቀየረለት በኋላ ነው ያገኘሁት፤ ጥፋቱ ከባትሪው ሥር የተጋጠ ጣት የሚያህል ቱቦ ነበር። የጭስ ማውጫው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከተሰነጠቀም ከውጭ አየር ስቦ ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ በስንጥቁ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ይታያል። ሴንሰር የቀየሩልዎ ሰዎች ሲያስሩት በደንብ አጥብቀውት እንደሆነም ይመልከቱ።

ማፉን ማጽዳት ካስፈለገ ለእሱ ተብሎ የሚሸጥ ማጽጃ አለ፤ በሱ ብቻ ይነፋና እስኪደርቅ ይጠበቃል። በጨርቅ መጥረግ፣ በኮምፕረሰር መንፋት፣ በቤንዚን ማጠብ የለም፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ነዳጅንም አልረሳሁም። በችግር ጊዜ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ ከገባበት ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 14.7 አይሠራለትም። ቼክ ኢንጂኑ ከመብራቱ በፊት በነበሩት ቀናት እንዲህ ዓይነት ቤንዚን ቀድተው እንደሆነ ያስታውሱ፤ ከሆነ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ጋኑን) ባዶ አድርጎ መሙላት ከማንኛውም ዕቃ ግዢ ይቀድማል።

ስለ ኮምፒውተሩ። የመኪናዋ ኮምፒውተር ከእርስዎ ስልክ ጋር ተነጋግሯል፣ ትሪም ቆጥሯል፣ በሁለት ጉዞ አረጋግጦ ኮድ ጽፏል፣ ፎቶግራፍ አንስቷል። የሞተ ሰው አቤቱታ አይጽፍም። ኮምፒውተር የሚጠረጠረው ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራት ጭራሽ ሳይበራ፣ ስካነርም አልገናኝ ሲል፣ ወይም ኤሌክትሪኩ በትክክል ደርሶት አንድ ኢንጀክተር ወይም ኮይል አላዝም ሲል ነው። ያኔም እንኳ መጀመሪያ የሚለካው የሚደርሰው ኤሌክትሪክና መሬት፣ ከዚያ ወደ ሴንሰሮቹ የሚልከው 5 ቮልት ነው። አንድ ሴንሰር ውስጡ ተቃጥሎ ያንን 5 ቮልት ሲጎትተው ሌሎቹ ሁሉ አብረው ያብዳሉ፤ ሰው ደግሞ «ኮምፒውተሩ ሞተ» ይላል። በሌላ በኩል ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መግጠም ዕቃ እንደመቀየር ብቻ አይደለም። ቁልፏ በቺፕ የሚታወቅ መኪና ከሆነች አዲሱ ኮምፒውተር ቁልፉን አያውቀውም፤ ደህና የምትነሳ መኪና ይዘው ገብተው የማትነሳ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ።

የራስዎን ስካነር ይግዙ፤ ግን ምን እንደሚችልና እንደማይችል አውቀው። የተዋሱት ዓይነት ትንሿ የብሉቱዝ መሰኪያ ኢኤልኤም327 በሚባለው ቺፕ ላይ የተመሠረተች ናት፤ ቺፑን መጀመሪያ የሠራው የካናዳ ድርጅት ሲሆን ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው የተቀዳ ነው። ሥሪት 2.1 የሚል የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም ከ1.5ቱ ያነሰ ትእዛዝ ነው የሚያውቁት፤ ሲገዙ ሻጩ አጠገብ ሰክተው ፍሪዝ ፍሬምና ፉየል ትሪም ማንበቧን አይተው ይክፈሉ። ይህቺ መሰኪያ የምታነበው ሕግ ለሁሉም መኪና ያስገደደውን ከሞተርና ከጭስ ጋር የተያያዘ ክፍል ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ይህን አስገድደዋል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ የእርስዎ መኪና በዚያ ውስጥ ስለወደቀች ያለ ችግር ትነጋገራለች። ኤቢኤስ፣ ኤርባግ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ መግባት ከፈለጉ ግን ጋራዦቹ የሚይዙት ታብሌት የሚያህለው ስካነር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ኮዱን በሌላ ቋንቋ አይተረጉመውም፤ ፒ0171 በውዱም በርካሹም ያው ፒ0171 ነው።

ጓደኛዎ ቪትዝ ካለው እንዳይደነግጥ ይንገሩት። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት የድሮ ቪትዞች ውስጥ ባለ 16 ቀዳዳውን ሶኬት ይዘው ለተራ ስካነር መልስ የማይሰጡ አሉ፤ ስካነሩም መኪናውም አልተበላሹም፣ ቋንቋቸው ነው የተለያየው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ላይ ሶኬቱ ራሱ ጓዳ ውስጥ ተሸጉጦ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ይገኛል። በእነዚህ ላይ የድሮው ዘዴ አለ፤ 13ኛውንና 4ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ሲከፍቱ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ እያለ ኮዱን ይቆጥራል። 16ኛው ቀዳዳ ግን ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ሽቦው ወደዚያ ካመለጠ ፊውዝ፣ አለዚያም ከዚያ የባሰ ያቃጥላል፤ ስለዚህ እጁ ያልለመደ ሰው ይተወው። በነገራችን ላይ መሰኪያዎ ሲሰካ መብራቱ ካልበራ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፊውዝ ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ኦቢዲ የሚል 7.5 አምፔር ፊውዝ ለብቻው አለ። ኤሌክትሪክ መኪና ለያዙት ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እነሱ የነዳጅ ሞተርና ጭስ ስለሌላቸው የአምራቹን ስካነር ነው የሚፈልጉት።

ሲጠቀሙበት ሦስት ነገር አደራ። እየነዱ ስልክ አይመልከቱ፤ ሌላ ሰው ያንብብልዎ። ሥራዎን ሲጨርሱ ነቅለው ያስቀምጡት፤ መኪናዋ ለሳምንት ከቆመች ባትሪ ሊያደክም ይችላል፣ የደከመ ባትሪ ደግሞ የሌለ በሽታ ኮድ ያወጣል። ሦስተኛው፣ የማጥፊያውን ትእዛዝ ኮዱንና ፍሪዝ ፍሬሙን ሳይመዘግቡ አይንኩት። ጋራዥም ሲሄዱ ይህንኑ ይጠይቁ፤ «ስካን አደረግን» ተብሎ ገንዘብ ሲከፍሉ ኮዱ፣ ፍሪዝ ፍሬሙና በሁለት ዙር የተነበበው ትሪም በወረቀት ይሰጥዎ። ይህን የማይሰጥ ጋራዥ ዕቃ እንዲቀይርልዎ አይፍቀዱ።

እንግዲህ ውሳኔው ይኸውና። ኮምፒውተሩ ይቆይ። ዛሬ ፍሪዝ ፍሬሙን ያንሱ፣ ነገ ማለዳ በብርዱ የውሃውን ፈተና ያድርጉ፣ ከሞቀች በኋላ ትሪሙን በሁለቱ ዙር ይጻፉ። ቁጥሩ እንደጠበቅሁት ከሆነ የማኒፎልዱን ጋርኒሲዮን ያስቀይሩ፤ ራሱ ዕቃው ከተቀየረልዎ ሴንሰር ዋጋ እጅግ ያንሳል፣ ሥራውም የግማሽ ቀን ነው። የድሮውን ጋርኒሲዮን በሲሊኮን ለጥፎ መመለስን አይቀበሉ። ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ከሆነ ቡሎኖቹ ከመሃል ጀምረው ተራ በተራ፣ በእኩል ይጠብቁ፤ አንዱን አጥብቆ ሌላውን የሚያላላ ሰው ማኒፎልዱን ያጣምምና ሌላ ቀዳዳ ይሰጥዎታል። ከዚያ ኮዱን ያጥፉና ትሪሙ በሁለት ሦስት ቀን የት እንደሚቀመጥ ይከታተሉ። ከ10 በታች ከቆየ አልቋል።

ጎንደርን በተመለከተ፣ መብራቱ ሳይርገበገብ ቆሞ የሚበራ ከሆነና መኪናዋ ስትሞቅ ደህና ከሄደች፣ ጋርኒሲዮኑ ሳይደርስልዎ ቢቀር እንኳ 180 ኪሎ ሜትሩን በዝግታ ትደርሳለች። ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት እስክትረጋ ያሙቋት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ቤንዚኑን ወደ ጭስ ማውጫው እየለቀቀ ነው፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቃጥለዋል። ያኔ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፤ ካልቆመ ወረታ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ያቁሟት። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት ብልጭ በሚል መብራት አይሞክሩት። ዳገቱን በደህና ከወጡ ጎንደር ሲደርሱ ትሪሙን እንደገና ያንብቡና ከባህር ዳሩ ጋር አድርገው ይላኩልኝ፤ ፍሪዝ ፍሬሙንም ጭምር።